ጥሩ ጠጠር

ሬኑ ሰገነት ላይ ልብስ እያሰጣች ከጎረቤቷ ጋር ስታወራ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት ነበር። የሬኑ ሹክሹክታ ግን የሌላ ሰው ጥሪ ያህላል። ከታች፣ መስኮቱ ሥር አልጋ ላይ ጋደም ያሉት አማቷ እማማ ፉልመቲ አንድ ቃል አላመለጣቸውም። “ምስኪን፣ ምንም አያውቁም” አለች ሬኑ። “የሐሞት ጠጠር ነው ብለናቸዋል። ዛሬ ውጤቱ ይመጣል፤ ለወጉ ነው እንጂ ዶክተሩ ያኔ ሲከፍታቸው በዓይኑ አይቶታል።” ጎረቤቲቱ ከንፈሯን መጠጠችና “ግንቡስ?” ብላ ጠየቀች። “ግንቡማ እሳቸው እስካሉ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደየቤቱ፣ ሁሉም ወደየምድጃው። ጡቡን እኮ አልጣልነውም” አለች ሬኑ። እማማ ፉልመቲ አንገታቸውን ቀና አድርገው በመስኮቱ ወደ መሃል ግቢው ተመለከቱ። እውነትም ጡቦቹ ጥጉ ላይ ተደርድረዋል፤ ያውም በፕላስቲክ ተሸፍነው።

ግንቡ የቆመው አባወራው በሞቱ በዓመቱ፣ የውሃ መሳቢያው ሞተር በተቃጠለ ጊዜ ነው። ማን እንዳቃጠለው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ታላቁ ልጅ ጃግዲሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ስለሆነ “እኔ ሞተር አላቃጥልም” አለ፤ ታናሹ፣ የሬኑ ባል ቢረንድራ፣ የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስለሆነ “እኔ ሞተር አልነካም” አለ። ነገሩ ከሞተር ወደ ሚስት፣ ከሚስት ወደ ውርስ ተሻገረና በሳምንቱ ግንበኛ መጣ። ጡቡ ደረት ላይ ሲደርስ ለቀሪው ማን ይክፈል በሚለው ሳይስማሙ ቀሩ፤ ግንቡም እዚያው ላይ ቆመ። በላዩ ጨው ማቀበል ይቻላል፣ ሰላምታ ግን አያልፍበትም ነበር። ምድጃ ሁለት ሆነ። እናትየውም አንድ ወር ከታላቁ፣ አንድ ወር ከታናሹ መኖር ጀመሩ። በወሩ መጨረሻ የቆርቆሮ ሳጥናቸውና ፍራሻቸው በግንቡ አናት ይሻገራል፤ እሳቸው በውጭ በር ዞረው ይገባሉ። ወሩ ሠላሳ አንድ ሲሆን ደግሞ ትርፏ ቀን የማን ናት በሚል መኮራረፍ ነበር። በፓትና ከተማ አሮጌው ሰፈር እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል፤ የሚያፍርበትም የለም። እማማ ፉልመቲ ግን ያፍሩ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ ድስት ያበሉት ቤት ነውና።

ሕመሙ የጀመራቸው በቀኝ ጎናቸው ነው። ለዓመታት እየመጣ የሚሄድ ነገር ስለነበር ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ አንዱ ልጅ ዘንድ ሲያማቸው ሌላው ዘንድ ሲሄዱ ይተዋቸዋል ይባል ነበር። ኋላ ትኩሳት ሲጨመርበት መመርመሪያ ማሽን ሥር አስተኟቸው። የሐሞት ከረጢታቸው ግድግዳ ወፍሯል፣ ጉበቱን ይዟል ተባለ። በጋንጋ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ይህን ሲሰማ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም፤ አንድ አክስት ወይም አንድ ጎረቤት በሐሞት ከረጢት ካንሰር ያልሸኘ የለም። ሐኪም ደግሞ ለልጆች እንጂ ለበሽተኛው አይናገርም። ልጆች ለሚስቶቻቸው፣ ሚስቶች ለጎረቤት ይነግራሉ፤ ከበሽተኛው በቀር ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እማማ ፉልመቲም “ጠጠር ነው” ተባሉ፤ “ጠጠር ከሆነ ጠጠር ነው” አሉ። ያን ዕለት ማታ ግን ሁለቱ ልጆቻቸው አንድ የብረት መቆፈሪያ እየተቀባበሉ ግንቡን መሃሉ ላይ ከፈቱት። የጃግዲሽ ሚስት ኩንቲ የጋዝ ሲሊንደሯን እየጎተተች በቀዳዳው ገብታ ሬኑ ማድቤት አስቀመጠችው። ለጠጠር ብሎ ሁለት ምድጃ የሚያዋህድ ሰው በፓትና የለም። እማማ ፉልመቲ እሞታለሁ ማለት ነው ብለው አለቀሱ። ከዚያ የሁለቱ ምራቶቻቸው ድምፅ ከአንድ ማድቤት ሲወጣ ሰሙና ማልቀሱን ተዉት።

ከዚያ ወዲህ የነበረው ጊዜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከባላቸው ሞት በኋላ ካዩት ሁሉ የተሻለ ነበር። የአየር ማቀዝቀዣ ያለበት የጃግዲሽ ክፍል ተለቀቀላቸው። ማንጎ ሲመጣ ሥጋ ሥጋው ለእሳቸው፣ ፍሬው ለልጅ ልጆች ሆነ። ጠዋት ኩንቲ፣ ማታ ሬኑ ያበስላሉ። እሳትና ጭድ የነበሩት ወንድማማቾች ጎን ለጎን መሬት ላይ ተቀምጠው ይበላሉ፤ ብዙ ባያወሩም “ቂጣ ይጨመርልህ” ይባባላሉ። ሰው ካልሄደ ወይ ካልሞተ አይመሰገንም እንደሚባለው፣ እማማ ፉልመቲ ሳይሞቱ የመመስገን ዕድል አገኙ። ቀዶ ጥገናውም በዚሁ ፍቅር መሃል ተደረገ። ዶክተሩ የቀዶ ክፍሉን በር ገርበብ አድርጎ፣ የወጣውን ነገር በብረት ሳህን ለሁለቱ ልጆች አሳያቸው፤ እንደ አሮጌ ጫማ ሶል የጠነከረ ነገር ነበር፣ ከጉበቱም ቁራጭ አብሮ ወጥቷል። ቢረንድራ እዚያው ግድግዳ ተደግፎ ቁጢጥ አለ። ጃግዲሽ ያንን በፕላስቲክ ማሰሮ የተዘጋ ሥጋ በሁለት እጁ አቅፎ፣ በጠራራ ፀሐይ መንገድ ተሻግሮ ወደ ላቦራቶሪ ወሰደ።

የውጤቱ ቀን እንግዲህ ዛሬ ነው። ሦስቱም አንድ ባጃጅ ላይ ወጡ፤ እናት መሃል፣ ልጆች ዳርና ዳር። ሾፌሩ እስከ ክሊኒኩ ሰማንያ ሩፒ ሲል ጃግዲሽ አልተከራከረም። ጃግዲሽ ካልተከራከረ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው ብለው አሰቡ እናትየው። ክሊኒኩ ሲደርሱ እንደ ወጉ ልጆቹ ወደ ዶክተሩ ክፍል ገቡ፣ በሽተኛዋ አግዳሚው ላይ ቀሩ። የዶክተሩ ክፍል በር የለውም፣ መጋረጃ ነው ያለው። ዶክተሩ ደግሞ ጆሮው ደከም ስላለ ይጮሃል። አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሰው የሌላውን ሁሉ በሽታ ሰምቶ ነው የሚነሣው፤ የራሱንም ይሰማል፣ ግን አልሰማሁም ማለት ነው ጨዋነቱ።

“ካንሰር አይደለም!” አለ ዶክተሩ ከመጋረጃው ጀርባ። “የቆየ ቁስለት ነው። ጠጠሩ ለዓመታት ሲኮረኩረው ግድግዳው ወፍሮ፣ ስብ ቋጥሮ፣ ከጉበቱ ጋር ተጣብቋል። በማሽን ሲያዩት ካንሰር ነው፣ ሆድ ከፍተው በእጅ ሲዳስሱትም ካንሰር ነው። እኔም ተሸውጃለሁ። የላቦራቶሪው ሰው ቁርጥራጩን ሁሉ በማይክሮስኮፕ አገላብጦ አየው፤ አንዲት ክፉ ሴል የለችበትም።”

“ታዲያ ጉበቷን ለምን ቆረጡት?” አለ ጃግዲሽ።

“ጥቂት ነው፣ ተመልሶ ይሞላል። ካንሰር ሆኖ ባልቆርጠው ኖሮ ዛሬ ምን ትሉኝ ነበር?”

“ስለዚህ ... ምን ያህል ትኖራለች?” ብሎ ጠየቀ ቢረንድራ፤ መሥሪያ ቤት የለመደ ሰው ነው፣ የጊዜ ገደብ ይወዳል።

“ሃያ ዓመት ይኑሩ! እኔን ሳይቀብሩኝ አይቀሩም። ይዛችኋቸው ሂዱና ቅቤ ቀንሱላቸው።”

እማማ ፉልመቲ ደስ አላቸው። ደስታው ከጉልበታቸው ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣ፣ እንባቸውም መጣ፤ የሳሪያቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። መኖር የሚጠላ ሰው የለም፣ እሳቸውም አይጠሉም። ደስታው ደረታቸው ሲደርስ ግን በፕላስቲክ የተሸፈኑት ጡቦች ትዝ አሏቸውና እዚያው ቆመ። አጠገባቸው የተቀመጠች፣ ከድልድዩ ማዶ ከሃጂፑር የመጣች ሴት ክንዳቸውን ነካ አደረገቻቸው። የዓይኗ ነጩ እርድ የነካው ይመስላል። “እሰይ! ሰምተዋል? የማን እናት ትሆን?” አለች። “እንጃ፣ አንዷ ዕድለኛ ናት” አሉ እማማ ፉልመቲ። “ለኔም ጠጠር ነው ይሉኛል ልጆቼ” አለች ሴትዮዋ። “ባለፈው ታላቁ ልጄ እግሬን አጠበኝ። ከተወለደ አድርጎት አያውቅም” ብላ ጨመረች። እማማ ፉልመቲ እጇን ያዙና “ጠጠር ካሉሽ ጠጠር ነው እህቴ” አሏት። ሴትዮዋም “አዎ፣ ጠጠር ነው” አለች። እጅ ለእጅ እንደተያያዙ የሴትዮዋ ልጅ መጥቶ እስኪጠራት ድረስ ቆዩ።

ጃግዲሽና ቢረንድራ ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። ለእናታቸው የሚሉት ቸገራቸው፤ ካንሰር አለብሽ ያላሏትን ሴት ካንሰር የለብሽም ማለት አይቻልም። ተያዩ። “እማዬ” አለ በመጨረሻ ጃግዲሽ፣ “ጠጠሩ ጥሩ ጠጠር ነው አለ ዶክተሩ።”

“ጥሩ ጠጠር ደግሞ ምን ዓይነት ነው?”

“ማለት ... ክፉ ያልሆነ።”

“ክፉም አለ እንዴ?”

“ኧረ የለም!” አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

ሲመለሱ ጣፋጭ ቤት ቆሙ። በቅቤ የተሠራው ላዱ ኪሎው አምስት መቶ ስልሳ ሩፒ ነው። ጃግዲሽ አንድ ኪሎ ሲያዝ ቢረንድራ “የኔን ግማሽ ለብቻው አሽግልኝ፣ ለኔ መሥሪያ ቤት ሰዎች ነው” አለ ለሻጩ። “አብሮ ቢታሸግ ምን ይላል?” አለ ጃግዲሽ። “ምንም አይልም፣ ግን ለብቻው ይሁን” አለ ቢረንድራ። ሻጩ ሁለት ካርቶን አወጣ። እናትየው ባጃጁ ውስጥ ሆነው ሁለቱን ካርቶኖች አዩ፤ አንዱ በቀይ ክር፣ ሌላው በቢጫ ክር ታስሯል። ወደ ቤት ሲሄዱ ካርቶኖቹ በሁለቱ ልጆች ጭን ላይ፣ እሳቸው መሃል ነበሩ። ስለ ሙቀቱ ብቻ ተወራ።

ቤት ሲደርሱ ሬኑ ወሬውን ማድቤት ሰማችና ጮክ ብላ አለቀሰች። የእውነት ለቅሶ ነበር፤ ሬኑ አፏ እንጂ ሆድዋ ክፉ አይደለም። ኩንቲ ወደ አማልክቱ መደርደሪያ ዞራ እጇን አጋጠመች፣ ከዚያም ሩዙ እንዳያር ወደ ምድጃው ተመለሰች። ሰባት ዓመት የሆናት የኩንቲ ልጅ ጉድያ ላዱ በሁለት እጇ ይዛ ግቢውን ዞረች። ምሳ ተበላ። በምሳው ላይ ማንም ለማንም “ቂጣ ይጨመርልህ” አላለም፤ ጃግዲሽ ወጡ ጨው በዝቶበታል አለ፣ ያበሰለችው የራሱ ሚስት መሆኗን ዘንግቶ ሬኑን እያየ። ሬኑ ሳህኗን አነሣችና ክፍሏ ገባች። ከምሳ በኋላ መብራት ሄደ። ማቀዝቀዣው ዝም ሲል እማማ ፉልመቲ የቤቱን ድምፅ ሁሉ መስማት ጀመሩ።

ልጆቻቸው ግንቡ ቀዳዳ ላይ ቆመው ያወራሉ። ክፉ ነገር አልተናገሩም። ጃግዲሽ ሱቁን ቀደም ብሎ መክፈት እንዳለበት፣ የሬኑ እራት ደግሞ እንደሚዘገይ ነገረ። ቢረንድራም ልክ ነህ ጋሼ፣ እኔም የጉድያ ጫጫታ ራሴን ይነካኛል አለ። ሁለቱም ተስማሙ፤ ከሞተሩ ወዲህ በአንድ ነገር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ቢረንድራ ጉሮሮውን ጠረገና “ጋሼ፣ ይህ ወር ታዲያ የማን ነው?” አለ። “እንዴት የማን? ስትታመም አንተ ጋ ነበረች። ተራው አላለቀም።” “ሆስፒታል የተኛችውስ? እሱ ለኔ አይቆጠርልኝም?” “ሆስፒታልማ የሁለታችንም ነው።” “እሺ፣ ከሆስፒታል ወዲህ ያለውስ? አንተ ክፍል እኮ ነው የተኛችው።” “የተኛችው እኔ ክፍል፣ የበላችው አንተ ማድቤት!” ሁለቱም እያሰቡ ነበር። እናትየው አልጋቸው ላይ ሆነው፣ ሲሞቱ የቆዩበት ወር በማን ሒሳብ እንደሚገባ ለመስማት ጠበቁ። ተናደዱም፤ ከካንሰሩ ይልቅ ይኼ አንገበገባቸው። መልሱ ሳይገኝ ጃግዲሽ ሚስቱን ጠራና አንድ ነገር ነገራት። ትንሽ ቆይቶ ከሬኑ ማድቤት የብረት ድምፅ መጣ። የጋዝ ሲሊንደር በሲሚንቶ ላይ ሲጎተት የሚሰማው ድምፅ ነው፤ እየተጎተተ ይቆማል፣ እንደገና ይጎተታል።

እማማ ፉልመቲ ተነሥተው ቁጭ አሉ። ለሬኑ ቢነግሯት ታለቅሳለች፣ ልጆቹን ቢለምኗቸው እሺ እማዬ ብለው ይሄዳሉ፤ ይህን ከሞተሩ ጊዜ ጀምሮ ሞክረውታል። ሲሊንደሩ የግንቡ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ በድምፁ አወቁ። ያን ጊዜ ጋደም አሉና ቀኝ ጎናቸውን ጨብጠው ጮኹ።

“ውይ! ውይ ጎኔን!”

ሁሉም ተንጋጉ። ኩንቲ ሲሊንደሩን ቀዳዳው ላይ ትታ መጣች፤ ጉድያም ላዱዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

“የት ጋ ነው እማዬ?” አለ ጃግዲሽ።

“እዚህ። የድሮው ቦታ።”

“እማዬ፣ እዚያ ያለው እኮ ወጥቷል” አለች ሬኑ።

“የወጣው ወጥቷል፤ የቀረው ነው የሚያመኝ። ልጆቼ፣ አትደብቁኝ። ካንሰር ነው አይደል?”

ቃሉ በዚያ ቤት ውስጥ በእሳቸው ፊት ተነግሮ አያውቅም። ሬኑ አፏን በእጇ ያዘች። ጃግዲሽ አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና “ኧረ በፍጹም እማዬ! ጠጠር ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም!” አለ።

“ያኔም እንዲሁ ነው ያልከኝ።”

“ያኔማ ...” ብሎ ጀመረና ቆመ።

“ያኔ ምን?”

ጃግዲሽ ወንድሙን አየ። ቢረንድራ ነገሩ ገብቶታል። ዛሬ እንድታምናቸው ያኔ ዋሽተንሽ ነበር ማለት አለባቸው፤ ያኔ ከዋሹ ደግሞ ዛሬ ለምን ትመናቸው? ደብዳቤ ቢሆን መልሶ ያረቀው ነበር፣ ይኼ ግን እናቱ ናት። “ጉድያን ይንሳኝ እማዬ፣ ጠጠር ነው!” አለ ጃግዲሽ ላቡ እየወረደ። “ያኔም በጉድያ ምለህልኛል” አሉ እናቱ። እውነት ነው፣ ምሎ ነበር። ጉድያ አባቷን ትክ ብላ አየችው።

“እሺ፣ ዶክተሩ ራሱ ይንገርሽ! አሁኑኑ እንሂድ!”

“ዶክተር ለበሽተኛ እውነት ሲናገር የት አይተህ ታውቃለህ?”

አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም። እማማ ፉልመቲ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው መልሰው፣ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው “አንድ ምድጃ እያየሁ ብሞት ምን ነበረበት” አሉ። ቀጥለውም “ያ የጡብ ክምር ደግሞ ከአልጋዬ ትይዩ ባይሆን ደስ ይለኝ ነበር። ሳየው ጎኔ ይብሳል” አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው የእውነት ተንቀጠቀጠ፤ ይህኛው ማስመሰል አልነበረም።

ኩንቲ የአማቷን እጅ አየች፤ ጎናቸውን የጨበጠበት ቦታ ከቀዶው ጠባሳ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ይላል። ፊታቸውንም አየች። ከዚያ የሳሪዋን ጫፍ ወገቧ ላይ ሸጉጣ ወጣች፣ ሲሊንደሩንም ያዘችና ወደመጣበት፣ ወደ ሬኑ ማድቤት ትጎትተው ጀመር። “ወዴት ነው የምትወስጂው?” ብሎ ጮኸ ጃግዲሽ። “አልሰማህም እንዴ? እማዬን አሟቸዋል” አለችው ሳትዞር። ሬኑ ሄዳ በሌላው ጫፍ ያዘችላት። ቢረንድራም ፕላስቲኩን ገለጠና ጡቦቹን አራት አራት እያደረገ ለወንድሙ አቀበለ፤ ጃግዲሽ ወደ ውጭ በር ተሸከመ። መንገድ ላይ ከተቆለሉ እስከ ንጋት ማንም እንደማይተዋቸው ሁለቱም ያውቃሉ፤ በዚያ ሰፈር ጡብ ጌታ አያጣም። ሥራው ሲያልቅ ሁለቱም አንድ ባልዲ ላይ እጃቸውን ታጠቡ።

እራት ዘገየ፣ ግን ከአንድ ድስት ወጣ። ወንዶቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው በሉ። ኩንቲ ሩዝና የክክ ወጥ በሳህን ይዛ ወደ አማቷ ክፍል ገባችና አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። እማማ ፉልመቲ ቀና ብለው በደንብ በሉ። ኩንቲ፣ ማድቤት ውስጥ ያለችው ሬኑ እንዳትሰማ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

“እማዬ፣ እስከ መቼ ነው የሚሞቱት?”

እማማ ፉልመቲ ጉርሻቸውን አላምጠው ዋጡ። “ጉድያ እስክትዳር” አሉ።

“ጉድያ እኮ ገና ሰባት ዓመቷ ነው።”

“ቀስ ብዬ ነዋ የምሞተው ልጄ። ጨው አቀብይኝ።”